አባቴ የጠበቁት ማሽን

ባለፈው ሳምንት አባቴ ካደግኩባት ከአማኑኤል ከተማ ደወሉልኝ። እኔ ባሕር ዳር ቢሮዬ ነበርኩ። አባቴ ሲደውሉ ከልጆቼ ጤና ተነሥተው የሰፈሬን ዝናብ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። የዚያን ቀን ግን ገና «ሃሎ» ስላቸው፣ «እናኑ፣ ዝም አለ» አሉኝ። ምኑ ብዬ አልጠየቅኩም። በእኔና በአባቴ መካከል ዝም የሚል ነገር አንድ ብቻ ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ሥራ የሚባል ነገር እጄ አልገባም፤ በመስኮቱ ላይ የሚወርደውን የነሐሴ ዝናብ እያየሁ ሌላ ነሐሴ ሳስታውስ ዋልኩ።

ያኔ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ቤት ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አማኑኤል ያስተማሩ መምህር ናቸው። ጡረታ በወጡ ማግሥት ዓይናቸውን ግላኮማ ያዘው፤ ስንነቃበት ረፍዶ፣ ብርሃናቸው ጠፍቶ ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ የአባቴ ዓይን እኔ ሆንኩ። ጋዜጣ፣ የታሪክ መጽሐፍ፣ የድሮ የመማሪያ መጻሕፍት ሳይቀሩ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ዝም ብለው የሚሰሙ ሰው አይደሉም። ጸሐፊውን ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ይመስል ይከራከሩታል፣ «አሁን ይኸ ምን ይሉታል?» ይሉታል፤ ድንቹ ከነአዋዜው ሰሐን ላይ ይቀዘቅዛል፣ እናቴ ትቆጣለች። ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ታዲያ በዚያ ክረምት ባሕር ዳር ለሥራ ተጠራሁ። እስከ መስከረም እንጠብቅሻለን አሉኝ። አልሄድም ብዬ ቆረጥኩ። አባቴ ሲሰሙ እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

«የእኔ ዓይን ሆነሽ ልታረጂ ነው የተማርሽ?»

«ታዲያ ማን ያንብብልዎት?»

«እኔ እንጃ! የኮምፒውተር ምሩቅ አንች አይደለሽ? የሚያነብ ነገር ፈልጊልኛ።»

በንዴት የተናገሩት ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ የአማርኛ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ላከችልኝ። ችግሩ ፕሮግራሙ የመጣው በጥሬው፣ ማለትም ሰው እንደጻፈው መሆኑ ነው። ማሽኑ እንዲፈጽመው መጀመሪያ ወደ ማሽን ትእዛዝ መለወጥ አለበት። ይህን የሚለውጠው ደግሞ ኮምፓይለር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ይኸኛው ፕሮግራም ደግሞ አዲስ ኮምፓይለር ይፈልጋል።

ቤታችን ያለው ኮምፒውተር አባቴ ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤታቸው አዲስ ሲመጣለት ከአሮጌዎቹ አንዱን የሰጣቸው ነው። እናቴ ዳንቴል አልብሳ ሳሎን አስቀምጣዋለች። የሚሠራበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የትየለሌ ዘመን ያለፈበት ነው። አዲሱን ኮምፓይለር ስጭንበት በዚህ ሲስተም ላይ አልሠራም አለ። ሲስተሙን በአዲስ ልቀይር ብል የማሽኑ አቅም አልቻለውም፤ መሐል ላይ ደርቆ ቀረ። ደብረ ማርቆስ ወርጄ የንባቡን ፕሮግራም በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ሠርቼ ባመጣውም አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ዳንቴሉን መልሼ አለበስኩት።

ፍልሰታ ነበር። አባቴ ከቅዳሴ መልስ ጋቢያቸውን ደርበው አጠገቤ ተቀመጡ። ዝምታዬ አላማራቸውም።

«እስቲ እንደ ተማሪ አስረጂኝ» አሉ። «ይኸ ማሽን ጭራሽ ደንቆሮ ነው ወይስ የሚያውቀው አለ?»

«የሚያውቀውማ አለ። አብሮት የኖረ የድሮ ኮምፓይለር አለው፣ የድሮ ጽሑፍ ይለውጣል። አዲሱ ኮምፓይለርም እኮ ራሱ በሌላ ኮምፓይለር የሚሠራ ጽሑፍ ነው። ግን የኛ አሮጌ ለሱ አይደርስም።»

አባቴ መምህር ከመሆናቸው በፊት በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ተማሪ ነበሩ። ትንሽ አሰቡና ሳቁ።

«ፊደል ቆጥሮ ገና ያልጨረሰ ልጅ ላይ እኮ ዳዊት ጫንሽበት። የኔታ እንዲህ ቢያደርጉን ኖሮ አንዳችንም ማንበብ ባልቻልን። ከፊደል በኋላ መልእክተ ዮሐንስ አለ። እሱን የጨረሰ ነው ዳዊት የሚይዝ። ይኸ ያንች ነገር መሐለኛ የለውም?»

ነገሩን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ ግን እንደ ፈተና ጥያቄ እንጂ ሳሎናችን ውስጥ እንደተቀመጠ ነገር አስቤው አላውቅም። መሐለኛ ነበረው! በአሮጌው ኮምፓይለር መካከለኛውን መሥራት፣ በመካከለኛው ደግሞ አዲሱን።

በማግሥቱ ጠዋት ማርቆስ ሄድኩ። መንገዱ በጉም ተሸፍኖ ሚኒባሱ ጡሩምባ እየነፋ ነበር የሚሄደው። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ መካከለኛውን ኮምፓይለር ሳወርድ መስመሩ እየተቆረጠ ቀኔን በላው። ስመለስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ። አባቴ ከነጭቃዬ አስቀመጡኝና «አገኘሽው ዮሐንስን?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ዮሐንስ ሆነ።

እንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን አንድ ኮምፓይለር ሠርቶ ለመጨረስ ከጠዋት እስከ ማታ ይለፋል። በክረምት ደግሞ መብራት በነጎደጎደ ቁጥር ይሄዳል፤ በሄደ ቁጥር የተቋረጠውን ፈልጎ እንደገና መጀመር ነው። አጠገቡ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል። ጠባቂ እሆናለሁ አሉ አባቴ። ወንበራቸውን አስጠግተው፣ የማሽኑን ድምፅ በጆሯቸው እየተከታተሉ፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ ይውላሉ። ድምፁ ሲቀየር «አሁን ዳገት ላይ ነው» ይሉኛል። አንድ ቀን ከደጅ ዕቃ ሳጥብ «ዝም አለ! ኧረ ዝም አለ!» ብለው ቢጮኹ ጎረቤታችን እትየ ጥሩ ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ገባች። ማሽን መሆኑን ስትሰማ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ተቀምጣ ቆሎ በላች።

ዮሐንስ አለቀ። እሱ በተራው አዲሱን ኮምፓይለር ሠራ። የቀረው የንባቡ ፕሮግራም ብቻ ሆነ። ያን ቀን ጠዋት ነበር ነገሩ የገባኝ፤ ይህ ካለቀ እዚህ ቤት የምቆይበት ምክንያት አይኖረኝም። ከአባቴ ጎን ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ፣ ያን ያህል የረገምኩት መብራት ምነው በሄደ ብዬ ተመኘሁ። አልሄደም። ክረምቱን ሙሉ ሲጫወትብን የከረመ መብራት የዚያን ቀን ፍዝዝ እንኳ አላለም።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እኔ ጻፍኩት። ማሽኑ ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጣለ፣ «እንደምን ዋሉ መምህር» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አባቴ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። ያስተማሩት ልጅ መንገድ ላይ ሰላም ያላቸው ነበር የሚመስሉት። ከዚያ ለማን እንደመለሱ ሲገባቸው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «የየት አገር ሰው ነው ይኸ? አማርኛ በተልእኮ የተማረ!» ሳቁ ሲያልፍ እጃቸው አየር ላይ ጭንቅላቴን ፈለገ። አገኘውና እዚያው ቆየ።

«እንግዲህ ሂጅ» አሉኝ።

ፈልገው ለማግኘት የሚከብዷቸው ቁልፎች ላይ የጧፍ ሰም ጠብ ጠብ አድርጌ፣ በጣታቸው እየዳሰሱ እንዲለዩ አለማመድኳቸው። መስከረም ሲጠባ ከኢንተርኔት ቤት ያወረድኩትን ጋዜጣና መጽሐፍ ጭኜላቸው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። እናቴ አለቀሰች፣ እኔ አለቀስኩ። አባቴ ግን ጋዜጣው እስኪነበብላቸው የቸኮሉ መስለው ቶሎ ተመለሱ።

ቅዳሜ እንዳልኩት ሄድኩ። አባቴ በረንዳ ላይ ሆነው የእግሬን ኮቴ ለዩት። አምና የገዛሁላቸው ስልክ በማንገቻ ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እሱ ያማረ ድምፅ አለው፤ ያነብላቸዋል፣ ይደውልላቸዋል። ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ፣ እናቴ ባጠበችው ዳንቴል ሥር ነበር። አንዳንድ ቁልፎች ላይ ሰሙ ጠቁሮ አሁንም አለ።

«አባዬ፣ ስልኩ ያነብልዎት የለ እንዴ? የዚህ ማሽን ዝም ማለት ምን አስጨነቀዎት?»

«ስልኩማ ያነብልኛል። ድምፁም ያምራል፣ እግዜር ይስጥሽ።» ፈገግ አሉ። «ይኸን እኮ ያን ጊዜ አንች እንድትሄጂ ነው የሠራነው። አሁን ደግሞ እንድትመጭ ተበላሸ።»

በዚህ ሁሉ ዓመት ለበዓል እየመጣሁ በማግሥቱ ስመለስ አንድ ቀን እንኳ ቆይ አላሉኝም። እኔም ማሽኑ ያነብላቸዋል ብዬ ልቤን አሳርፍ ነበር። ያጡት ግን የሚያነብ ሰው አልነበረም፤ እኔን ነበር።

ሽፋኑን ፈትቼ አየሁት። ያን ድምፅ የሚያሰማው ዲስክ አልቆለታል፤ ለማወቅ ብዙም አልፈጀብኝም። አባቴ ጆሯቸውን ወደኔ አዘንብለው ይጠብቃሉ።

«ይሠራል?»

«ጊዜ ይወስዳል» አልኳቸው። ለቢሮ ሰኞ አልገባም ብዬ መልእክት ላክሁ።

«ይውሰድ» አሉና ወንበራቸውን አስጠጉ።