የአማቷ ኪኒን

ልብስ ሰፊዋ ፋብሪካ ውስጥ ሆናም ቤቷን ስታስተዳድር ትውል ነበር። እጇ ጨርቁን በመርፌው ሥር ይገፋል፤ ልቧ ደግሞ ጋዙ ዛሬ ነገ ሊያልቅ ነው፣ ትንሿን ልጄን ጫማዋ ጠቧታል፣ የአማቴ ኪኒን ሊያልቅ ነው እያለ ይባዝናል። የአውቶቡስ ሹፌሩ ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም። አይጠጣም፣ እጁን አያነሣም፣ ያለችውን ሁሉ ይሠራል። «አንቺ ብቻ ንገሪኝ» ነው ነገሩ ሁሉ። መንገሩ ራሱ ሥራ መሆኑን ልታስረዳው ሞክራ ሞክራ፣ ሲሰለቻት ተወችው።

አንድ ቀን ማሽኑ ላይ እንዳለች ሆዷን ቆርጦ ያዛት። ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ ዕለቱን ቀደዷት። ቁስሉ አመርቅዞ ትኩሳት ጣላትና ሆስፒታል ሰነበተች። ባሏ ፈቃድ ወስዶ ምግብ አበሰለ፣ ልብስ አጠበ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወንድ ማለት እንዲህ ነው እያለ አመሰገነው። እየደወለ የዩኒፎርሙንም የሳሙናውንም ቦታ ይጠይቃታል። እሷም በትኩሳቷ መሐል «እማማስ ደህና ናቸው?» አለችው።

«ደህና ናት። ምን ትሆናለች?»

አሮጊቷ ግን የደም ግፊት ኪኒናቸው አልቆባቸው ነበር። ልጃቸው ላይ ታች ሲል አይተው ማስቸገሩን ጠሉና ምራታቸው እስክትመጣ ዝም አሉ። አንድ ማለዳ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወደቁ። ነፍሳቸው ተረፈች። ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ግን በዚያው ቀሩ።

ልብስ ሰፊዋ ሆዷን በእጇ ደግፋ ቤት ስትገባ ባሏን ከእናቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ኪኒኑ ሊያልቅ መሆኑን እኮ አልነገርሽኝም» አላት።

«እናትህ እኮ ናቸው።»

ባሏ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። እሷ ግን ልታባብለው አቅም አልነበራትም፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከሰዓት በኋላ የባሏ እህት መጣችና፣ አንቺ እያለሽ እንዴት እንዲህ ይሆናሉ ብላ ወቀሰቻት። ወንድሟን ቃል አልተናገረችውም።

አሮጊቷን የሚያገላብጥ፣ የሚያጥብ፣ የሚያጎርስ ሰው ያስፈልጋል። ማን ሥራውን ይተው የሚለው ጥያቄ እዚያ ቤት አልተነሣም። እሱ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ፤ የእሷን ማሽን ፋብሪካው ለሌላ ሰጠው።

አሁን ስታጎርሳቸው አሮጊቷ በደህናው እጃቸው ቀሚሷን ጨምድደው ይይዛሉ፤ ዓይናቸውም እንባ ያቀራል። ይቅርታ ይሁን ምርቃት፣ እሷም አታውቀውም። አፋቸውን ጠርጋ ቀጣዩን ማንኪያ ታነሣለች።