የጋሽ ኢድሪስ ወረቀቶች

ባለፈው ማክሰኞ ከዝናብ ለማምለጥ እዚህ ጀርመን አገር ኖርድቬስትሽታት በሚባል ሰፈር ካለው ቤተ መጻሕፍት ገብቼ፣ አዲስ የመጡ መጻሕፍት የሚደረደሩበት ጠረጴዛ ላይ ጋሽ ኢድሪስን አየኋቸው። ሽፋኑ ላይ ናቸው፤ ያንኑ ቡናማ ሹራባቸውን ለብሰው፣ እንደ ልማዳቸው አንዱን ቅንድብ ከፍ አድርገው። እኔ የማውቃቸው ዛይል ጎዳና ላይ የአንድ ትልቅ ሱቅ ወለል የሚያጸዱ ጎረቤታችን ሆነው ነው። መጽሐፉ ግን የዐረብኛ አጭር ልቦለድ ጸሐፊ ይላቸዋል፤ ድሮ ካይሮና ካርቱም የታተሙ ታሪኮቻቸው አሁን ወደ ጀርመንኛ ተመልሰው የወጡበት ነው። እዚያው እንደቆምኩ ክው አልኩ።

በልጅነቴ ስድስተኛ ፎቅ ላይ በራቸውና በራችን ፊት ለፊት ነበር። የምጽዋ ሰው ናቸው፤ አማርኛውን ተማሪ ቤት፣ ዐረብኛውን አባታቸው ሱቅ ውስጥ ነው የተማሩት። ከሥራ ሲመለሱ ሱቁ የጣለውን የማስታወቂያ ወረቀት ታቅፈው ይመጣሉ፤ ጀርባው ነጭ ነዋ! ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው፣ የዳቦ መቁረጫውን ጣውላ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይጽፋሉ፣ ይሰርዛሉ፣ የጨረሱትን ቀለሙ እስኪደርቅ እንደታጠበ ልብስ ያሰጡታል። እኔ በወረቀቶቹ መሀል በእግሬ ጣት እየተራመድኩ የሰጡኝን ቴምር እበላለሁ። ምን እንደሚጽፉ ጠይቄያቸው አላውቅም። እናቴ ደሴ ስታድግ ያየችው የዐረብኛ ጽሑፍ ቁርዓን ብቻ ስለነበረ፣ እኛ ቤት ነገሩ ያለቀለት ነበር፤ ጋሽ ኢድሪስ ቁርዓን ይገለብጣሉ።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ፤ ቁልፋቸውንም ለእናቴ ሰጡ። ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ እናቴ በሽተኛ የሚገባበት ቤት መጽዳት አለበት ብላ ባልዲ ይዛ እኔን አስከትላ ሄደች። ወለሉን ስታይ አማተበች። ቅዱስ ቃል መሬት ላይ! ያውም የተሰረዘ፣ ሻይ የፈሰሰበት፣ ጠርዙ የተቀደደ! የደሴ ሙስሊም ጎረቤቶቿ ያረጀ ቁርዓን እንደማይጥሉ፣ ንጹሕ ቦታ ፈልገው እንደሚቀብሩት ታውቃለች። ለፋሲካ ያስቀመጠችውን አዲስ ነጠላ ከሻንጣ አወጣች፤ አንድም ወረቀት ሳናስቀር ገንዘን፣ ኒዳ ወንዝ ዳር ዛፍ ሥር ቆፍረን ቀበርናቸው። እኔ ለክብሩ ጫማዬን አወለቅሁ። እሷ አቡነ ዘበሰማያት ደገመች፤ ሌላ ምን ታድርግ!

ጋሽ ኢድሪስ ሲመለሱ የሚያብለጨልጨውን ወለል እያዩ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ተዋበች፣ ወረቀቶቹስ?»

«አይዞዎት ጋሼ፣ በአዲሱ ነጠላዬ ገንዤ በክብር ቀብሬያቸዋለሁ። እርስዎ ክራንከንሃውስ ተኝተው በዚህ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው።»

ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ሕመማቸው የተነሣባቸው መስሎኝ ውኃ አመጣሁላቸው። ተቀብለው ጠጡና፣ «አላህ ይስጥልኝ፣ እህቴ» አሉ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ ወረቀት ታቅፈው ሲገቡ አላየሁም። እኛ ግን ይህችን ታሪክ በየማኅበሩ እያወራን፣ ሰው አፉን ይዞ ሲያደንቀን ኖርን።

መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ለካይሮ ወዳጃቸው የጻፉት ደብዳቤ አለ። የተቀበረው የአሥር ዓመት ድካማቸው ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ታሪክ፣ ሌላ ቅጂ የሌለው። «የት እንደቀበረቻቸው ብጠይቃት ስህተቷ ይገባታል፤ ከገባት ደግሞ እድሜዋን ሙሉ ስትጸጸት ትኖራለች። ባላት ምርጥ ልብስ ነው የገነዘቻቸው። ይቅር። እንደገና ልጽፋቸው ብዬ ተቀምጬ ነበር፤ አንድ መስመር እንኳ እምቢ አለኝ» ይላሉ። የልጆች መጽሐፍ ክፍል ውስጥ ካለች ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እናቴ ዛሬም እዚያው ስድስተኛ ፎቅ ናት። መጽሐፉን ተውሼ ሄድኩና፣ የጎረቤቷን ዶሮ ሰርቃ ከዶሮዋ ባለቤት ጋር ስለምታፈላልግ የምጽዋ ሴት የሚያወራውን ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ድንገት ሳቋን አቁማ፣ «በምን ቋንቋ ነው የጻፉት?» አለችኝ።

«በጀርመንኛ» አልኳት። ወረቀታቸውን መቅበሬ ሳያንስ፣ ቋንቋቸውንም ቀበርኩ!

እናቴ ሽፋኑን እየዳበሰች ራሷን ነቀነቀች። «እንዲህ የሚያስቅ ሰው! ምነው ታዲያ ሌላም በጻፉ?»