ለጎረቤት የታሰረ በሬ

ቢቸና ውስጥ የእስላም ሰርግ ሁለት ዳስ አለው፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን። አንዳችን የሌላችንን ሥጋ ስለማንበላ አራጁም ሁለት፣ ድስቱም ሁለት ነው። ለእነሱ የሚታረደውን በሬ አባቴ ይገዛል፤ ቢላዋውን የሚያነሳው ግን ከእነሱ አንዱ ነው። በሬውን ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በስመ አብ ብሎ ይባርከዋል። ሴቶቻቸው ድስታቸውን ተሸክመው መጥተው ይሠሩታል፤ እኛ ዳር ቆመን እንጨትና ውሃ እናቀብላለን። እነሱም ሲድሩ እንዲሁ ነው፤ ለእኛ ሙክት ገዝተው አባቴን ይጠሩታል። ልጅ ሆኜ የዓለም ሰርግ ሁሉ ሁለት ዳስ ያለው ይመስለኝ ነበር።

ታናሽ እኅቴን የዳርናት ግን ክፉ ጊዜ ላይ ነው። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። ከሌላ አገር የመጣ የእስላምና የክርስቲያን ጠብ ወሬ በየሰው ስልክ እየገባ፣ ትናንት እንደምን አደራችሁ ይለን የነበረው ሁሉ ዛሬ ሲያየን መንገድ መቀየር ጀመረ። አባቴ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነው። ግማሽ ቢቸና እሱ የሰፋውን ሱሪ ለብሶ ነው ያደገው። በዚያ ሰሞን ደንበኞቹ እየመጡ ጨርቃቸውን ሳይሰፋ መልሰው ወሰዱ። አንዱ «ልጁ ሐሳቡን ቀየረ» ይላል፣ ሌላው አቀርቅሮ ይቀበላል። አባቴ ጨርቁን አጣጥፎ፣ በእጁ ዳብሶ «በሰላም ልበሱት» እያለ ይሰጣቸዋል።

እኔ ሞጣ ነው የምሠራው፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሌሎችን «ታገሱ፣ ጊዜው ሲደርስ ይመጣል» እያልኩ እንጀራ ብበላም ራሴ መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ለሰርጉ ወደ ቢቸና ስመጣ መኪናው ግንደወይን ላይ ቆሞ ሾፌሩ «ከዚህ ወዲያ እንጃ» ባለ ጊዜ፣ ወርጄ በእግሬ ልሄድ ስነሳ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። ደግነቱ መንገዱ ተከፈተ። ቤት ስደርስ አባቴ ሁለተኛውን ዳስ እየለካ ነበር። ከመጀመሪያው ይበልጣል።

«አባየ፣ ይህን ሁሉ ማን ሊቀመጥበት ነው?»

«እንግዶቻችን።»

«የትኞቹ? ጨርቃቸውን የወሰዱት?»

«እነሱም ቢሆኑ» አለና ገመዱን ሳበ። «ተወኩል ነው እንግዲህ።»

ተወኩል የአባቴ ቃል ነው። የሚቻለውን አድርጎ የቀረውን በአላህ ላይ ጥሎ መመካት ማለት ነው። ዝናብ ሲቀር ተወኩል፣ መብራት ሲጠፋ ተወኩል። እውነቱን ልናገርና በዚያ ሰሞን ቃሉን ስሰማ ጥርሴ ይፋጭ ነበር። እሱ ይመካል፣ እኔ ግን ግቢውን እዞራለሁ።

ከሰርጉ በፊት በነበረው ቀን፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሽማግሌ መጡ። በቤታችን ሰርግ ሁሉ የክርስቲያኑን በሬ የሚያርዱት እሳቸው ናቸው። የእኔንም ሰርግ በሬ ያረዱት እሳቸው ነበሩ። ሁሌም ሲገቡ ከመቀመጣቸው በፊት ቀልድ ይቀድማቸዋል፤ «እናንተ ቤት የምንሰክረው በቅሪቦ ነው» ይላሉ፣ ጠላ ስለማንጠምቅ። በዚያ ቀን ግን ከደጃፉ አላለፉም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዙት።

«ወንድሜ» አሉት አባቴን፣ «እድሩ ውስጥ ድምፃቸው የጠነከረ ሰዎች ተነስተዋል። ከዚያ ቤት ገብቶ ቢላዋ ያነሳ ከእድሩ ይሰረዛል፣ ሲሞትም አንቀብረውም ብለዋል። ሽምግልናዬን ታየዋለህ። እንግዲህ እኔ የሚያስፈልገኝ ቀባሪ ነው።»

አባቴ ወደ እሳቸው ቀረበ። ከዚያ «ልክ ነህ» አለ። «ሰው ያለ ቀባሪ አይሆንም። በሬውን ግን ገዝቼዋለሁ፤ ከግቢው ዋርካ ሥር ታስሯል። ይጠብቅሃል።»

ሽማግሌው ወደ ዋርካው ዞር ብለው አዩና አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። እኔ ጋን ሳጥብ ነበርና ሁሉን ሰምቻለሁ። ደሜ ፈላ።

«ልክ ነህ? ልክ ነህ ትለዋለህ? እጁን ይዘህ ግባ አትለውም?»

«ምን ላድርገው? ከእድሩ አስወጥቼ እኔን ያስደስተኝ ልበለው?»

«እንግዲያ በሬውን ለሌላ ሽጠው!»

«በሬውን ልየው» አለና ተነስቶ ወደ ዋርካው ሄደ። ክርክር ሲበዛበት የሚሄደው ወደዚያ ነበር።

የሰርጉ ዕለት እሑድ ነው። አባቴ ቀን ሲቆርጥ የእኛንም የእነሱንም ጾም አስቦ ነው፤ ሁለት ቀን መቁጠሪያ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ። እኅቴ እጇን ሒና ተቀብታ ጓዳ ተቀምጣለች። ሙሽራው ከሞጣ ነው የሚመጣው፤ የመንገዱ ወሬ ደግሞ በየሰዓቱ ይለዋወጣል። ለእኛ የሚሆኑት በጎች በጠዋት ታርደው ወጡ በአንዱ ዳስ ይንተከተካል። በሌላኛው ዳስ አግዳሚ ወንበሮቹ ተደርድረዋል፣ ቅሪቦው ተቀምጧል፣ ለስላሳው በውሃ ውስጥ ቀዝቅዟል። ሰው የለም። ነፋስ ሸራውን ባነሳው ቁጥር አንድ ሰው የገባ እየመሰለኝ እሮጣለሁ። አጥሩ ሥር ሄጄ በቀዳዳው ወደ ሽማግሌው ቤት አያለሁ፤ በራቸው ተዘግቷል። ተመልሼ ስልኬን አያለሁ፤ የሙሽራው መኪኖች የት እንደደረሱ አይታወቅም። እንደገና ወደ አጥሩ እሄዳለሁ። ከእኅቴ አጠገብ ተቀምጬ ላጽናናት የሚገባኝ እኔ፣ እሷው «ኧረ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ!» አለችኝ።

ከሞጣ ቀድሞ የደረሰው አጎቴ ነው፤ የአባቴ ወንድም፣ ጨርቅ ነጋዴ። ባዶውን ዳስ አየ፣ በሬውን አየ፣ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ቢላዋ አምጡ። ወደ ቂብላ አዙረን እንረደውና የሞጣ ሰው ይብላው። እነሱ አንመጣም ካሉ ሥጋው ምን አጠፋ?»

ንግግሩ ለእኔም ልክ ነበር። እንዲያውም ቢላዋውን ላመጣ ተነስቻለሁ።

አባቴ በሩ ላይ ቆመ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ይህ በሬ የእነሱ ድርሻ ነው። እኔ ካረድኩት ዳሱን ዘጋሁት ማለት ነው። ዛሬ የዘጋሁትን ዳስ ነገ ልጆቼ አይከፍቱትም። ይቁም።»

«ባይመጡስ?»

«ማምጣቱ የአላህ ሥራ ነው። የእኔ ሥራ በሩን አለመዝጋት ነው» አለና «በሬውን አይቼ ልምጣ» ብሎ ሄደ።

አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ «አባትሽ ወይ ወሊይ ነው ወይ ግትር» አለኝ። ወሊይ ቅዱስ ሰው ማለት ነው፤ እኔ ለግትሩ አደላሁ።

የሙሽራው መኪኖች ከቀትር በኋላ አቧራ ለብሰው ደረሱ። እልልታው ቀለጠ፣ ኒካው ታሰረ፣ በእኛ ዳስ ቦታ ጠፋ። በዚያኛው ዳስ ዝንብ ብቻ። አንዳንድ የሞጣ ሰዎች እግራቸውን ሊያሳርፉ ወደዚያ ሲያመሩ አባቴ በትሕትና «የሰው ቦታ ነው» እያለ ይመልሳቸዋል። አፈርኩ። በእሱም አፈርኩ፣ ለእሱም አፈርኩ። ልብሱን ያልሰፋለት ሰው በሌለበት ከተማ አንድ ሰው እንኳ ያጣል?

ያን ጊዜ የሽማግሌው ባለቤት በኋላ በር ገቡ። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበዋል። ማንንም ሳይጠይቁ በቀጥታ ወደ ባዶው ዳስ ሄዱና መካከለኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

አባቴ ሮጦ ሄደ። «እንኳን ደህና መጡ። ግን እኮ በሬው አልታረደም፤ የማበላዎት የለኝም።»

«ሽሮ የለም?» አሉ። «የልጅ ሰርግ በሽሮ ቢበሉት ምን ይለዋል!»

አባቴ ራሱ ውሃ አስታጠባቸው፣ ራሱ ሽሮውን አቀረበ፣ ራሱ ቅሪቦ ቀዳ። ሙሉ ዳስ እንደሚያስተናግድ ሰው ወዲያ ወዲህ እያለ «ይብሉ እንጂ! አልበሉም እኮ!» ይላቸዋል። እሳቸውም ቀስ ብለው፣ ያለ ችኮላ፣ የተረፈ ሳይተዉ በሉ። እኔ ዳሱ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከንዴት ይሁን ከሌላ አላውቅም። ሲወጡ ጉንጬን ይዘው «አንቺ ልጅ፣ አጥራችንን በዓይንሽ ልታፈርሺው ነው እንዴ?» አሉኝ። ለካ ቀኑን ሙሉ እነሱም በቀዳዳው ሲያዩኝ ውለዋል።

ሰርጉ አለፈ። እኅቴ ወደ ሞጣ ሄደች። በሬው ግን ከዋርካው ሥር ነው። ለመልሱ፣ ማለትም ሙሽሮቹ ወደ እኛ ለሚመለሱበት ድግስ፣ ይቆያል ተባለ። እኔም ፈቃዴን አራዝሜ ቀረሁ። ጭድ የምገዛ፣ ውሃ የማጠጣ እኔ ሆንኩ። ሙሽራዋ ሄዳ በሬው በሙሽራ ወግ ይቀለባል። በየሰዓቱ አንድ ነገር እጠብቃለሁ፤ በር ሲንኳኳ እዘላለሁ፣ ውሻ ሲጮኽ እወጣለሁ። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አንዱ «ያ በሬ እስካሁን ቆሟል ይባላል፣ ለአረፋ ነው?» ብሎ ሲሳለቅ፣ አፌን ከፍቼ ልመልስለት ስል አባቴ ክንዴን ያዘኝ። ከቀኑ በአንዱም ሰዓት ሲቆጣ አላየሁትም። ሰግዶ ይነሳል፣ የስፌት መኪናው ላይ ይቀመጣል፣ የሚሰፋ ጨርቅ የለምና ቁርጥራጭ ይገጣጥማል፤ ትንሽ ቆይቶ «በሬውን አይቼ ልምጣ» ይላል። ይህ እርጋታው ነበር ይበልጥ ያናደደኝ። አንድ ሰው ይህ ሁሉ እየሆነበት እንዴት አይፈራም?

የመልሱ ዕለት ጠዋት፣ የሱብሒ ሶላት እንዳለቀ፣ ሽማግሌው በፊት ለፊት በር ገቡ። ጋቢያቸውን ደርበዋል። አገር እያየ ነው የገቡት። ከጋቢው ሥር ቢላዋውን አወጡ።

«በሬው አለ?» አሉ።

አባቴ ከተቀመጠበት ተነሳ። ግድግዳውን ያዘ። «አለ እንጂ። ይጠብቅሃል አላልኩህም? ግን እድሩስ?»

«ሚስቴ ከሰርጉ ወዲህ ሽሮ ብቻ ነው የምታቀርብልኝ» አሉ ሽማግሌው። «የልጅቷን ሰርግ በሽሮ የበላሁ እኔ ብቻ አልሆንም አለች። እና አሰብኩት። ቀባሪ ፍለጋ እየኖርኩ መኖሬን ረሳሁት። የሚቀብረኝን እግዜር ያውቃል።»

«እኔ አለሁ አይደል?» አለ አባቴ። «መቆፈር እናውቃለን እኮ።»

ሽማግሌው ሳቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሰሞን ሳቅ በግቢያችን ተሰማ። ዛሬም ድረስ ስማቸውን ከእድሩ ይሰርዙት ይተዉት ቁርጥ ያለ ነገር የለም፤ እሳቸውም አይጠይቁም።

በሬውን ሊያስተኙት ወደ ዋርካው ሄድን። አባቴ ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ሞከረ፣ አልተፈታም። በጥፍሩ ቆነጠረው፣ በጥርሱ ሞከረው። የማንኛውንም ስፌት ክር በጨለማ የሚተረትር ሰው፣ ቋጠሮው አልንቀሳቀስ አለው።

ሽማግሌው ቀረብ ብለው አዩት። «ይህን ማን ነው ያሰረው? አንዱ ቋጠሮ ላይ ሌላ፣ በዚያ ላይ ሌላ! በሬ ነው ወይስ ሌባ?»

አባቴ ገመዱን ለቆ ቀና አለ። ሽማግሌው በቢላዋቸው በመጀመሪያ የቆረጡት ገመዱን ሆነ። ከዚያ በሬውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ፣ እኛም ወደ ኋላ ፈቀቅ አልን።

የተቆረጠውን ገመድ ከመሬት አነሳሁት። ቋጠሮው የጡጫዬን ያህል ሆኗል። «በሬውን አይቼ ልምጣ» ባለ ቁጥር ሄዶ አንድ ቋጠሮ ጨምሮበት ይመለስ ነበር ለካ። ከክርክሩ በኋላ፣ ባዶውን ዳስ አይቶ፣ ከገበያ ሲመለስ። እኔ ግቢውን ስዞር እሱ ቋጠሮ ይቋጥር ነበር።

ገመዱን አሳየሁት። «አባየ፣ ፈርተህ ነበር?»

«በጣም» አለ። ዓይኑን አላሸሸም። «ካልፈራሁማ ተወኩል ምን ያደርግልኛል?»

ሴቶቹ ድስታቸውን ተሸክመው በበሩ መግባት ጀምረዋል። ብዙ አይደሉም። አባቴ ገመዱን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ከተተና «ምን ቆመሻል? ሰው መጣ እኮ፣ ውሃ አስታጥቢ» አለኝ። ማስታጠቢያውን ይዤ ወደ ሁለተኛው ዳስ ሮጥኩ። መካከለኛው አግዳሚ ላይ፣ ያችው ቦታቸው ላይ፣ የሽማግሌው ባለቤት እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁኝ ነበር።