የቁልቋሉ አውሮፕላን

እንጨት ስጠርብ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በር፣ አልጋ፣ ሞፈር፣ ቀንበር፣ የእህል ሳጥን ሠርቻለሁ። አውሮፕላንም ሠርቻለሁ። ልጆቼ ይህን ስናገር ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ፊደል የቆጠርኩት በአብዮቱ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነውና ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ይችን ግን ሳልሞት ላስቀምጣት።

ነገሩ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። ከብቱ አልቆ ነበር። ሰዉም ግማሹ ወደ አቀስታ፣ ግማሹ ወደ ደሴ እግሩ ወዳመራው ሄዶ፣ መካነ ሰላም ዙሪያ የቀረነው ቅጠልና ሥራ ሥር ስንቀቅል ነበር። እህል ደሴ ደርሷል ይባላል። መንገዱ ተሰባብሮ መኪና አይመጣ፣ በቅሎው ተመናምኖ ጭነት አያነሳ፤ ደሴ የደረሰ እህል ለእኛ ወሬ ነው። ከዚያ የጦር ጭነት አውሮፕላን እህሉን ከሰማይ ሊጥልልን ነው ተባለ። ወደ ወግዲ በሚወስደው በኩል ያለው ሜዳ ላይ በኖራ ትልቅ ምልክት ተሠመረ። ከደብረ ዘይትም አንድ የሬዲዮ ሠራተኛ መጣ፤ ከአውሮፕላኑ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጠመንጃውን አንግቶ ማንም ሜዳው ውስጥ ዝር እንዳይል ብሎ ለፈፈ። ማን ሰማው።

አባቴ የአገር ሽማግሌ ነበሩ። ዝናብ ሲጠፋ ዱዓ የሚያደርጉት፣ ደም ሲፈስ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን አይጥልም። በእኛ አገር ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነውር ነው። ወጥቶ፣ መንገድ ወርዶ ነው የሚቀበሉት። አውሮፕላኑ የሚመጣ ቀን አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው እኖራው ምልክት ላይ ሄደው ቆሙ። አብዛኛው ሰው ተከተላቸው።

መጣ። ያን ያህል ነገር ዝቅ ብሎ ሲያልፍ አይቼ አላውቅም፤ ጥላው ሜዳውን ሲጠርገው ሰዉ በግንባሩ ተደፋ። ሳይጥል አልፎ ሄደ። ተነሣንና፣ «ሳያየን ቀረ» ብለን፣ እንዲያየን ብለን ዳር የቀረነውም ሁሉ ወደ መሀል ሮጥን። ዞሮ ሲመለስ የጭራው በር ተከፍቷል። ሰው አየ መሰለኝ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና አድርጎ ከእነጭነቱ ወደ ዓባይ በኩል ሄደ። የሄደውን እህል እያየን ቀረን። አንዲት ሴት ብቻ፣ «ምን አጠፋን?» ስትል ሰማሁ።

በማግስቱ የሬዲዮው ሰውዬ እቤቴ መጣ።

«ጋሼ፣ ሰዉ ያልገባው አንድ ነገር ነው» አለኝ። «መጀመሪያ ሲያልፍ ሜዳውን ለማየት ነው እንጂ አይጥልም። የሚጥለው ዞሮ ሲመለስ ነው። ሰዉ ደግሞ አልፎ ሄደ ብሎ የሚገባው በመሀሉ ነው።»

«እና ንገራቸዋ።»

«ነገርኳቸው። አባትዎ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ልጄ፣ በእናንተ አገር እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር ነው የሚገባው?› አሉኝ።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«በሚመጣው ጊዜም አብራሪዎቹ ሰው ካዩ ሜዳችን ይሠረዛል፣ እህሉ ለሌላ አገር ይሄዳል። ሳያዩ ከጣሉ ደግሞ ይባስ፤ ጆንያው የሚያርፈው አባትዎ ላይ ነው።»

እኔም ሄጄ ለመንኳቸው። «አባ፣ በአላህ፣ አሁን እንኳ ዳር ይቁሙ» አልኳቸው።

«እኔ ካልወጣሁ ማን ሊቀበለው ነው? ሊቀመንበሩ?»

«ይገድልዎታል እኮ።»

«ሪዝቅ፣ የዕለት እንጀራ ይዞ የመጣ ሰው ይገድላል? አንተ እንጨት ጥረብ።»

ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩት እንግዲህ ግልጽ ነው። አባቴ ያዩትን እንጂ የሰሙትን የሚያምኑ ሰው አይደሉም። እሳቸው ካልቀሩ ሌላው አይቀርም። የሬዲዮው ሰውዬ ይህን ሲሰማ ሻንጣውን ከፍቶ አንዲት ትንሽ ሞተርና አንቴና ያላት ሳጥን አወጣ። ደብረ ዘይት ሳለ ሳጥኗን እጁ ላይ ይዞ፣ አየር ላይ ያለች ትንሽ አውሮፕላን በሬዲዮ ይነዳ ነበር። ሌላው ሲጋራ ሱስ ይሆንበታል፣ እሱ ደግሞ ይች ሆነችበት። አውሮፕላኗ በመንገድ ተሰባብራ ሞተሯና የሬዲዮ ዕቃዋ ብቻ ቀርቷል።

«እንሥራና እናሳያቸው» አለኝ። «ያንኑ ራሱን አስመስለን። ግን ትልቅ መሆን አለበት፤ ትንሽ ከሆነ አሞራ ነው ይሉናል።»

መሬት ላይ በከሰል ሣለልኝ። ሆዱ ወፍራም፣ ክንፉ ትከሻው ላይ የተቀመጠ፣ ጭራው ወደ ላይ የተሰበሰበ፣ አራት ሞተር ያለው። እኔም ሠራሁት። በዋንዛ፣ እንደ በር አድርጌ አጠበቅሁት። ሁለት ሰው ተያይዞ እጁን ቢዘረጋ ነው ክንፉን ከጫፍ ጫፍ የሚደርሰው። ሰውዬው ሞተሯን አስነሥቶ ለቀቃት፤ ሜዳውን እንደ በሬ አርሳ፣ አርሳ ቆመች።

«ከብዷል፣ ጋሼ።»

«የሠራሁት ነገር ተሰብሮ አያውቅም።»

«ይኸም አይሰበርም። አይበርም እንጂ።»

ሦስት ቀን አኮረፍኩት። ከዚያ ደረቅ ቁልቋል ትዝ አለኝ። ከቆላው በኩል ቆሞ የደረቀ ቁልቋል እንጨቱ እንደ ቡሽ ነው፤ የሰው ቁመት ግንድ በአንድ እጅ ይነሣል። ንብ አናቢዎች ቀፎ ያደርጉታል። ወርጄ ተሸክሜ መጣሁ፤ በደኅናው ጊዜ ልጅ የሚያመጣውን እኔ ሦስቴ አርፌ ነው ያደረስኩት። ሆዱን ፈልፍዬ እንደ ከበሮ አሳሳሁት፤ የክንፉን አጥንት በሸምበቆ አደረግሁት። ሚስቴ ከጤና ጣቢያው የዱቄት ወተት የመጣበትን ወረቀት ለቃቅማ አመጣች፤ ቆዳው እሱ ሆነ።

ማጣበቂያ ላይ ተጣላን። ሰውዬው፣ «ትንሽ ዱቄት በውኃ ቢበጠበጥ በቂ ነው» አለ። እቤት የቀረች አንድ እፍኝ ነበረች።

«በእኔ ቤት ዱቄት አንጀት ላይ ነው የሚለጠፈው» አልኩት።

ከእርጥቡ ቁልቋል ወተቱን አንጠብጥቤ በእሱ ለጠፍኩት። ጣቶቼ ተልጠው ሰነበቱ፤ ወረቀቱ ግን ንቅንቅ አላለም። እውነተኛዋን ሞተር ሰውዬው አፍንጫዋ ላይ አሰራት፤ ክንፏ ላይ ያሉት አራቱ እንጨት ናቸው።

ሊቀመንበሩ መጥቶ ዞራት። «ክንፏ ላይ መፈክር ይጻፍባት» አለ።

«ቀለም ይከብዳታል» አለው ሰውዬው።

«አብዮቱ ይከብዳታል ነው የምትለው?»

ሰውዬው አመድ መሰለ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ሰው ያስበላል። እኔ፣ «ሊቀመንበር፣ ብትወድቅ መፈክሩም አብሯት ይወድቃል» አልኩት። አሰበና ተወው።

የምትታይ ቀን አገሩ ተሰበሰበ። የቆመውም የሚደገፈውም መጣ። አባቴ መጥተው አዩአት።

«የዚያኛው አፍንጫ ላይ የሚሽከረከር አልነበረም» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልን፣ አባ። አራት ሞተር ከየት እናምጣ።»

«አይ፣ ያየሁትን ነው የምናገር።»

ሆዷ ውስጥ ቡጢ የሚያህሉ፣ አመድ የተሞሉ ከረጢቶች ከተትን። ሰውዬው ሞተሯን ሲያስነሣ እኔ ከሥር ይዣት ሮጥኩ። መሮጥ ካልኩት ነው። ከእጄ ስትወጣ ዝቅ አለችና ልቤ አብሯት ወረደ፤ ከዚያ ነፋሱ ያዛትና ተነሣች። ሰዉ «ያ አላህ» አለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ የሠራሁት በር እንኳ ሲከፈት ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ይች እንደ ጭልፊት ተንሳፈፈች።

ዝቅ ብላ በኖራው ላይ አለፈች። ምንም አልጣለችም። ወደ ጫፍ ሄዳ መዞር ስትጀምር ሰዉ፣ ማንም ሂዱ ሳይለው፣ ወደ ሜዳው ፈሰሰ። ልክ እንደዚያን ቀን። ሊቀመንበሩ፣ «ውጡ፣ ከዚህ ውጡ» እያለ ሊመልሳቸው ከኋላ ሮጠና መሀል ገባ። ተመልሳ መጣች፤ ሰውዬው ሳጥኗ ላይ አንድ ነገር ነካ፤ ሆዷ ተከፈተ። አንዷ ከረጢት ሊቀመንበሩን ማጅራቱ ላይ አገኘችው። በግንባሩ ተደፋ። ሲነሣ ከጢሙ እስከ ጫማው አመድ ነበር። ከስንት ወር በኋላ ሰው ሲስቅ ሰማሁ፤ ቆይቶ ራሱ ሊቀመንበሩም ሳቀ።

አባቴ አልሳቁም። ሁሉንም ለማየት ዳር ቆመው ነበር። የሬዲዮውን ሰውዬ ጠሩት።

«ያ የእውነቱ፣ የሚጥለው ጆንያ፣ ሰው ይሸከመዋል?»

«ጤነኛ ጎረምሳ ከሆነ፣ አባባ።»

«እና ይኽን ሲመለስ ነው የሚጥለው። እኛ ስንገባ።»

«አዎ፣ አባባ።»

ከዘራቸውን መሬት ላይ ሲያሻሹ ቆዩ። ሰዉ ዙሪያቸውን ተሰበሰበ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ጎርፍም የአላህ እንግዳ ነው» አሉ። «የሚቀበሉት ግን ከዳር ሆነው ነው። እኔ ከምቀመጥበት ድንጋይ አልፎ የሚገባ፣ ዱዓዬ አይድረሰው።»

በቃ። ሊቀመንበሩ በጠመንጃ ያላገኘውን በዚህ አገኘው።

የእውነተኛው ቀን ሲመጣ አባቴ ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰዉ ከኋላቸው ተቀመጠ። አውሮፕላኑ በላያችን አልፎ ሄደ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። እኔ ሰማዩን አላየሁም፤ የማየው የአባቴን እግር ነበር። አንዴ ነቅነቅ አለ። አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ እናቱ አፉን ያዘችው። ማንም አልተነሣም። ተመልሶ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ጆንያዎቹ እንደ በረዶ ወረዱ። ሲያርፉ ድምፃቸው እደረቴ ውስጥ ነበር። አንዱ ኖራው ላይ አርፎ ፈነዳና ስንዴው ወደ ሰማይ ተረጨ። ዞሮ እንደገና ጣለ። የሬዲዮው ሰውዬ ጆሮው ላይ የሰካውን አውርዶ፣ «ጨርሷል፤ ሄደ» እስኪል ድረስ አልተንቀሳቀስንም።

እኔ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ፤ ሲነግሩኝ ነው ያወቅሁት።

አባቴ ተነሥተው ሜዳው ውስጥ ገቡ፣ ሰዉም ተከተላቸው። ሲመለሱ በጋቢያቸው ጫፍ አፈር የተቀላቀለ ስንዴ ቋጥረዋል። ጭኔ ላይ ዘረገፉልኝ።

«አብሽር» አሉኝ። «ተነሥ፣ ቤትህ ሂድ። ውኃ ትጣድ በላት።»

ሄድኩ። ሚስቴ ንፍሮውን ሳይበስል ነው ያወረደችው፤ ጥርስ ላይ ይንኳኳ ነበር። ድስቱ ዙሪያ ተቀምጠን ጨርሰን በላነው።