አባቴ ዋሻ ውስጥ ያስገባት ታንኳ

ዘመዶቼ በየድግሱ ሲሰበሰቡ የአባቴን ታንኳ ያነሳሉ። ጎርፍ ወሰዳት ይላሉ። አንዳንዱማ ወሬው እንዲያምርለት ያን ጊዜ ጎባን ይገዙ የነበሩት ፊታውራሪ ተሳፍረውባት ዋሻውን ጎብኝተው አባቴን እንደሸለሙት ይጨምርበታል። እኔ እዚያው ነበርኩ። ጎርፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በጋ ነበር። ፊታውራሪውም አልተሳፈሩም። ለቤተሰቡ ስም ተብሎ አፌን የምዘጋበት ምክንያት አይታየኝም። አርጅቻለሁ፤ ከእንግዲህ ማን ምን ያደርገኛል?

አባቴ የጣና ዳር ሰው ነው። ወደ ባሌ የመጣው ከጦሩ ጋር፣ ስንቅ ጫኝ ሆኖ ነው። አገሩ ከተያዘ በኋላ ጎባ ላይ መሬት ተመራ፤ መሬቱ ላይ የነበሩት ሰዎች ደግሞ ገባሮቹ ሆኑ። እኔ ያደግኩት እነሱ አርሰው በሚያስገቡት ገብስ ነው። ዘመዶቼ ይህንንም መስማት አይወዱም፤ እኔ ግን የበላሁትን አውቃለሁ።

መሬት አገኘ ተብሎ አባቴ ደስ ብሎት አያውቅም። ልጅነቱን በሙሉ የደንገል ታንኳ ሲሠራና ሲቀዝፍ የኖረ ሰው፣ ጎባ ብርድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ገብስ ይጠብቃል። ዝናብ ጥሎ ሜዳው ውኃ ሲያቁር ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣና ቆሞ ያያል። እናቴ "ደግሞ ሐይቁን ሊያይ ወጣ" እያለች ትስቅበት ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ የሚስቅበትም ጠፋ።

አንድ በጋ ወደ ጊኒር ገበያ ሲወርድ በሶፍ ዑመር አለፈና የወይብን ወንዝ አየ። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። "ወንዙ እኮ እንዳለ ተራራው ውስጥ ይገባል! ውስጡ እንደ ቤተ ክርስቲያን ዓምድ አለው አሉ፤ በእግር የማይደረስበት ብዙ ነው፤ በታንኳ ግን..." እያለ እራት ሳይበላ አደረ። እኔ ያን ጊዜ ትዳሬን ፈትቼ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። ጎረቤቱ በሙሉ መቼ እንደምታረቅ ይጠይቀኛል። አባቴ አብሬው እንድወርድ ሲጠይቀኝ ዕቃዬን ለመጠቅለል ጊዜ አልፈጀሁም።

የመጀመሪያዋን ታንኳ የሠራት ከወንዙ ዳር ባጨደው ሸምበቆ ነው። ደንገል አይደለም ብዬው ነበር፤ ሸምበቆ ሁሉ ወንድማማች ነው ብሎ ዘጋኝ። እንዳገሩ አሠራር በጠፍር አስሮ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀልብሶ፣ የመንደሩ ሰው በሙሉ ወጥቶ እያየ ውኃ ላይ አኖራትና ወጥቶባት ቆመ። ታንኳዋ ቀስ ብላ ውኃ ጠጣች። አባቴም ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ፊቱን ኮስተር እንዳደረገ፣ እስከ ወገቡ ሰጠመ። ሕዝቡ መሬት ላይ ተንከባለለ። ከሁሉ ይልቅ የሳቁት የዋሻው ጠባቂ ሽማግሌ ነበሩ።

እኚህ ሽማግሌ የመንደሩ ሰው የሚያከብራቸው ሙስሊም ናቸው፤ ወደ ዋሻው የሚገባ ሰው መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል። እኔ "አቦ" ነበር የምላቸው፤ በእነሱ ቋንቋ አባት ማለት ነው። ሳቃቸውን ሲጨርሱ እንባቸውን ጠረጉና ቤታቸው ገብተው የፍየል ቆዳ ስልቻዎች ይዘው መጡ። ስልቻዎቹን ነፍተን ከሸምበቆው ሥር አሰርናቸው። ሁለተኛዋ ታንኳ አልሰጠመችም። አባቴ ያን ዕለት አቦን አቅፎ ሲስማቸው አየሁ፤ በጎባ ሰው ፊት ቢሆን ኖሮ አያደርገውም ነበር።

ወሬው ጎባ ደረሰ። የሰፋሪዎቹ ሚስቶች፣ ነጋዴዎች፣ አንዳንድ ካህናትም ሳይቀሩ በበቅሎ ቀናት ተጉዘው ዋሻውን ለማየት ይወርዱ ጀመር። አሠራራችን እንዲህ ነው፦ አቦ ችቦ ይዘው ከፊት ይቀመጣሉ፤ ውኃው ሥር የተደበቀውን ድንጋይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ጎብኚው መሃል ይቀመጣል። እኔ ከሐረና ደን የመጣ የቀርከሃ ዘንግ ይዤ ከኋላ ቆሜ እገፋለሁ። አባቴ ዋሻው አፍ ላይ ሆኖ በረጅም ጠፍር መልሶ ይጎትተናል። አቦ "ቢስሚላሂ" ይላሉ፣ እኔ "በስመ አብ" እላለሁ፣ እንገባለን። አንድ ቄስ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳዊት ሲደግሙ ገብተው ሲደግሙ ወጡ፤ ጎባ ሲመለሱ ግን ስለ ዓምዶቹ ቁመት ከሳቸው በላይ የሚያወራ አልነበረም።

ሴት ልጅ ዘንግ ይዛ ቆማ ወንድ ትነዳለች ብለው ያሙኝም ነበሩ። ይሙኝ። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "ተቀመጡ" ስል የሚቀመጡልኝ ሰዎች አግኝቻለሁ።

ከዚያ ፊታውራሪው መጡ።

ጃንጥላ ያዥ፣ በርጩማ ተሸካሚ፣ ጠመንጃ የያዙ አሽከሮች አስከትለዋል። አባቴ መሬት ስሞ ተቀበላቸው። አቦ እንደልማዳቸው ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ቆምኩ። ፊታውራሪው አንድ እግራቸውን ታንኳዋ ላይ ካሳረፉ በኋላ ቀጥ አሉና እግራቸውን መለሱ።

"ይህ ሰውዬ ጀርባውን ሊሰጠኝ ነው?"

በጌታ ፊት ጀርባ መስጠት እንደ ስድብ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ግን በታንኳ የሚመራ ሰው በምን ይምራ? በማጅራቱ? አባቴ ድንጋዩን፣ ጨለማውን፣ ችቦውን እየተንተባተበ አስረዳ። ፊታውራሪው ጥቂት አሰቡና መላ አገኙለት።

"እንግዲያው ይውረድ። ውኃው ውስጥ ሆኖ ከጎን ታንኳዋን ይዞ ይምራ።"

ያ ውኃ አንዳንድ ቦታ አንገት ይደርሳል፤ ሌላ ቦታ እግር የሚቆምበት የለም። አቦ ደግሞ ያን ሰሞን ሌሊቱን ሲያስሉ የሚያድሩ ሰው ናቸው። አቦ አልተከራከሩም፤ ከዚህ የባሰ አይተዋል። ችቦውን ለእኔ አቀበሉኝና ፎጣቸውን ይፈቱ ጀመር።

"ሂንሶዳቲን፣ ያ ኢንተላ" አሉኝ። አትፍሪ፣ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። ለሳቸው መፍራት ሲገባኝ እሳቸው እኔን ያጽናኑኛል። አባቴን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል። አንድ ቃል ቢናገር የጎባው መሬት እንደሚሄድ ያውቃል። ያን ጊዜ አባቴን ጠላሁት፤ ያን ያህል ጠልቼው አላውቅም።

"አቦ፣ ይቀመጡ" አልኩ። ቀጥዬ ወደ ፊታውራሪው ዞርኩ። "ጌታዬ፣ እሳቸው ውኃ ከገቡ እኔ አልገፋም።"

"አንቺ ደግሞ ማነሽ?"

"አንገቱን የደፋው የዚህ ሰውዬ ልጅ ነኝ። ጌታዬ፣ ቄሱስ ሲቀድሱ ጀርባቸውን ሰጥተውዎት አይደል? እርስዎም ከኋላ ቆመው ያስቀድሳሉ።"

ፊታውራሪው ፊታቸው በርበሬ መሰለ። "እስላሙን ከካህን ጋር ታስተካክያለሽ!" ብለው ጮኹ። "ዘንጉን ቀሟት! ሽማግሌውን አውርዱት! ራሳችን እንገፋለን!"

ዘንጉንም ችቦውንም ቀሙኝ። ጠፍር የምቆርጥበት ቢላ ግን ወገቤ ላይ ነበር። ጎንበስ ብዬ ከሥር ያለውን ስልቻ ወጋሁት፤ ቀጥሎ ያለውን ደገምኩ። አየሩ እያፏጨ ወጣ፣ የታንኳዋ ጭራ ወደ ውኃው ዘመመ። አንዱ አሽከር እጄን ጠምዝዞ ወደ ዳር ጎተተኝ፤ ቢላው ወንዝ ውስጥ ወደቀ። አቦም ተነስተው ወደ ዳር ወጡ። ከፊት በኩል ያሉት ስልቻዎች ግን ደህና ነበሩ። ታንኳዋ ልትጠገን ትችላለች፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ አባቴም ያውቃል።

ፊታውራሪው ወደ አባቴ ዞሩ። "ጠግናት። አሁኑኑ።"

አባቴ ውኃው ውስጥ ገባና ታንኳዋ አጠገብ ተንበረከከ። ሊጠግናት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጆሮዬ ግን የጠፍር ድምፅ ሰማ፤ ሲጠብቅ ሳይሆን ሲላላ። ዓይኔን ስገልጥ አባቴ ቋጠሮዎቹን እየፈታ ነው። አባቱ ጣና ዳር ያስተማረውን ቋጠሮ፣ በጣቱ እምቢ ሲለው በጥርሱ፣ አንድ በአንድ ይፈታል። ሸምበቆው ተበታተነና ውኃው እየሳበ ዋሻው ውስጥ አስገባው። በዚያች ታንኳ ስንት ጊዜ ሲስቅ አይቼዋለሁ፤ ጎባ ላይ በኖረበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ አልሳቀም።

ከውኃው ወጣና "የምጠግነው የለኝም፣ ጌታዬ" አለ። ፈርቷል፤ መፍራቱንም አልደበቀም።

ዋጋውን ከፍለናል። መሬቱ ክረምት ሳይገባ ለሌላ ተሰጠ። አባቴም እኔም ቀሪ ዘመናችንን እዚያው ቆላ፣ አቦ በሰጡን የማሽላ ማሳ ላይ ኖርን። ለዚህ ነው ዘመዶቼ ጎርፍ የሚያመጡት፤ መሬት በገዛ እጅ ተጣለ ከሚባል ታንኳዋን ጎርፍ ወሰዳት ቢባል ይሻላቸዋል።

አባቴ ከጌታ ፊት ሲወጣ እንደወጉ ነበር የሚወጣው፤ አጎንብሶ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ እግሩ እንቅፋት እየመታው ወደ ኋላ። ያን ዕለት አቦ ፎጣቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለትና እጁን ያዙት። አባቴ ዞረ። ሙሉ በሙሉ ዞሮ፣ እርጥብ ጀርባውን ለፊታውራሪው ሰጥቶ ዳገቱን ይወጣ ጀመር። አሽከሮቹ "ዙር! አንተ፣ ዙር!" እያሉ ጮኹበት።

አልዞረም። እኔም ተከተልኩት።