ስሟን አልጻፍኩም

ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት፣ ክፍል በማይኖረኝ ሰዓት ሲያትል ኤርፖርት ውስጥ መንገደኞችን በዊልቸር እየገፋሁ እሠራ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጋናዊ፣ ደብተር ከእጄ ስለማይለይ «ፕሮፌሰር» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አስተማሪያችን ስለ ጸረ ሙስና ሕጎች ጽሑፍ ስታዘን የእሱን አገር መረጥኩ። ጋና ሙስናን ለሚያጋልጡ ሰዎች ከለላ የሚሰጥ ሕግ አላት። ሕጉን ደጋግሜ አነበብኩት። አስተማሪዋ ግን «ሕግ ብቻ አትንገሩኝ፣ ሰው አሳዩኝ» ብላ ነበር።

ይህን ለጋናዊው ስነግረው ስለ እህቱ አጫወተኝ። የምትሠራበት የመንግሥት ሆስፒታል መድኃኒት እየወጣ በግል ሱቆች ሲሸጥ አይታ ጠቁማለች። ምርመራው አላለቀም፤ አለቆቿም የጠቆመችው እሷ መሆኗን አያውቁም።

«ስሟን እንዳትጽፊ» አለኝ።

«ኧረ በፍጹም!»

ስሟን አልጻፍኩም። የከተማዋንም ስም ተውኩ። ጽሑፉ ሕይወት እንዲኖረው ብዬ ግን ሐይቅ ዳር ስላለችው ትንሽ ከተማ፣ ስለ ሆስፒታሉ ብቸኛ ሴት ፋርማሲስት፣ አሜሪካ ስላለው ወንድሟም ጻፍኩ። አስተማሪዋ በጣም ወደደችው። ማንም ሰው ሊከፍተው በሚችለው የክፍላችን ድረ ገጽ ላይ ፖስት አደረገችው። ደስ ብሎኝ ሊንኩን ራሴ ላክሁለት።

በማግስቱ ኤርፖርት፣ የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስልኩን ይዞ ጠበቀኝ። ፕሮፌሰር አላለኝም።

«ይህን ማን ማን አንብቦታል?»

«ስሟን እኮ አልጻፍኩም።»

«የቀረሽ ስሟ ብቻ ነው። የሆስፒታሉ ዘበኛ እንኳ ቢያነበው ማን እንደሆነች ያውቃል።»

አስተማሪዋ ጋ ደወልኩ፤ አላነሳችም። አለቃዬን አስፈቅጄ ወደ ኮሌጁ በባቡር ሄድኩ። ኦቴሎ የሚባለው ጣቢያ ስንደርስ ገጹን ከፈትኩት፤ ጽሑፉ አለ። ቀጣዩ ጣቢያ ላይም አለ። ደጋግሜ መክፈቴ ሌሎች ሰዎች በቀላሉ እንዲያገኙት ያደርግ ይሆን ብዬ ደግሞ ፈራሁና ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አስተማሪዋ ቢሮዋ ነበረች። ነገሩን ስነግራት ደነገጠች።

«አንዳንዱን ነገር ብናወጣለትስ? ከክፍሉ ምርጡ ጽሑፍ እኮ ነው።»

አስተማሪን እምቢ ብዬ አላውቅም። «አይሆንም፣ አሁኑኑ ይነሳ» አልኳት። ዓይኔ እያየ አነሳችው።

ከቢሮዋ እንደወጣሁ ደወልኩለት።

«ጽሑፉ ተነስቷል» አልኩት።

«እህቴን አውርቻታለሁ። እስካሁን ስለሱ ያነሳባት ሰው የለም» አለኝ። «እዚያ አሁን መሽቷል። ነገ ሥራ ገብታ ስትወጣ እንሰማለን።»

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ምን እንደተማርን አላስታውስም። ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ እሱን ብቻ እያየሁ ተቀመጥኩ። ረፋዱ ላይ «በሰላም ገብታ ወጥታለች» የሚል መልእክት መጣልኝ።

በየቀኑ እንዲልክልኝ ልጠይቀው ፈለግሁ። አልደፈርኩም።