በጭብጨባው መሃል የቀረ ድምፅ

ወንድሜ እንግሊዝኛ የለመደው ከትምህርት ቤት አይደለም። ከዘፈንም አይደለም። ከዘፋኞች ወሬ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም ድሮ እስቅ ነበር።

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነበር። ገና ሥራውን ሲጀምር አንድ ፂማም ፈረንጅ በእግር እስከ ብልባላ ይዞ ሄደ፤ ሰውየው ሊሰናበተው ሲል ስልኩ ላይ አንድ የሮክ አልበም ጫነለት። ዘፋኞቹ አያቶቻቸው ከአየርላንድ የተሰደዱ፣ እነሱ ግን አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ናቸው። አልበሙ ስቱዲዮ ተዘግቶ የተሠራ ሳይሆን ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ የተቀዳ ነው። ጊታሩ፣ ከበሮው፣ አኮርዲዮኑ አለ፤ ጭብጨባው አለ፤ የሰካራሙ ጩኸት እንኳ አልቀረም። በየዘፈኑ መካከል ዋናው ዘፋኝ ሕዝቡን ያዋራል፣ ይቀልዳል። ወንድሜ ዘፈኑን እያሳለፈ ያንን ወሬ ብቻ መላልሶ ይሰማ ነበር።

«ዘፈን ላይ ቃሉ ይጎተታል፣ አይያዝም። የሚያወራ ሰው ነው መስማት» ይለኝ ነበር።

ታዲያ የሰማውን ሁሉ እንዳለ ይዞ ወጣ። ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማቸውን የሚፈቱ ሽማግሌና አሮጊት ቱሪስቶች ፊት ይቆምና እጁን ዘርግቶ በእንግሊዝኛ «ዛሬ ማታ እንዴት ናችሁ!» ይላል። ዝም ሲሉት «አልሰማኋችሁም፣ ድገሙት!» ይላቸዋል። የጨዋ ሰላምታ መስሎት እኮ ነው። ፈረንጆቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አንዲቱ ቱሪስት ነገሩን ካስረዳችው በኋላም አልተወውም። «የሳቀ እንግዳ ለጓደኛው ያወራል» አለ፤ እውነትም እሱን እየጠየቀ የሚመጣ ሰው በዛ።

እናታችን ይህን ሁሉ አታውቅም። አባታችን መሪጌታ ነበሩ፤ ካረፉም በኋላ ቤታችን የመሪጌታ ቤት ነው የሚባለው። እናቴ ደግሞ ዘፈን የሚባል ነገር ደጇን እንዲረግጥ አትፈልግም። ሬዲዮ እንኳ ዜናው ሲያልቅ ይዘጋል። ወንድሜ የአብነት ትምህርቱን አቋርጦ ፈረንጅ ተከትሎ መዞሩ ራሱ ለብዙ ጊዜ አስኮርፏታል።

እኔ ሆቴል መቀጠር እፈልግ ነበር። «አንተን ሰው ያደረገህን ወሬ ለኔም አስተምረኝ» አልኩት አንድ ቀን። አልበሙን በራሱ ስልክ ከፈተ፣ የኔን ስልክ መቅጃ አበራና እያንዳንዱን ቀልድ ይተረጉምልኝ ጀመር፤ በኋላ መላልሼ እንድሰማው ብሎ። ከመጀመራችን በፊት «እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ የሚጮኹት?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«የአያቶቻቸው አገር ቅዱስ በዓል ቀን ነው የተቀዳው። ንግሥ በይው» አለኝ።

«በንግሥ ቀን እንዲህ ይሰከራል?»

«አንቺ ደግሞ! የእኛ ሰው ከንግሥ ሲመለስ ጠላ ቤት ገብቶ ቅኔ ነው የሚዘርፈው?»

እሱን በነገር የሚረታ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወንድሜ ከልጅነቱ የስኳር በሽታ ነበረበት፤ በየቀኑ መርፌ ይወጋል። መንገዱ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ መድኃኒት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣም አብሮ ቆመ። ቀጥሎ መድኃኒቱ ራሱ ከከተማው አለቀ። በኩልመስክ በኩል በእግር የሚመላለሱ ነጋዴዎችን ለመንን፤ ወደ ሙጃም ሰው ላክን። ጨው ይመጣል፣ ሳሙና ይመጣል፣ የሱ መድኃኒት አይመጣም። ውኃ ጠማኝ፣ ውኃ ጠማኝ እያለ ከሰውነት ወጣ፤ ዓይናችን እያየ ሞተ። በጥይት የሞተውን ጀግና ይሉታል። በመርፌ እጦት የሞተውን ምን እንደሚሉት የነገረኝ የለም። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» እያሉ የሚያጽናኑኝ ነበሩ፤ ለእኛ የደገሰውን እኔ እስካሁን አላየሁም። ይህን ስል እናቴ ትቆጣለች፤ ትቆጣ።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ የሰፈር ሴቶች እናቴን ከሐዘን ሊያወጧት መጡ። በአገራችን ወግ ራሷን አጥበው ቅቤ ይቀቧታል፣ ጥቁሩን አውልቀው ሌላ ልብስ ያለብሷታል። ቀሚሱንም አሰፍተው ይዘው ነበር። እናቴ እንቢ አለች። «አፈር ስንሆን» ቢሏት፣ እግሯ ላይ ቢወድቁ፣ ወይ ፍንክች። ቅቤያቸውን እንደያዙ ተመለሱ።

እኔም ገነፈልኩ። «ሰው ምን ይላል? ዕድሜ ልክሽን ጥቁር ልትለብሺ ነው? እነሱስ ምን በደሉሽ?»

እናቴ ቀና ብላም አላየችኝ። «ድምፁ ጠፋብኝ» አለች።

«የምን ድምፅ?»

«የልጄ ነዋ። መልኩን ይኸው ፎቶው አለ፣ አየዋለሁ። ድምፁ ግን ከጆሮዬ ጠፋ። እማዬ ሲለኝ እንዴት ነበር የሚለኝ? ቀኑን ሙሉ ሳስብ ውዬ አልመጣልኝ አለ። እሱን ሳላገኝ ጥቁሩን ባወልቅ፣ ልጄ ጨርሶ የሚሄድብኝ ይመስለኛል።»

ቅጂው ስልኬ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከሞተ ወዲህ ግን ከፍቼው አላውቅም። ድፍረቱ አልነበረኝም። ደግሞ በሐዘን ቤት ሙዚቃ አይከፈትም። ጎረቤቶቻችን እንኳ ለእኛ ሲሉ ቴፓቸውን ዘግተው ነው የከረሙት። የመሪጌታ ሚስት ጥቁሯን እንደለበሰች የፈረንጅ ዘፈን ከፈተች ቢባል ማን ያምናል? ወሬው ገበያ ሳይደርስ አያድርም።

«ድምፁ አለ፣ እማዬ። ግን ዘፈን ውስጥ ነው ያለው» አልኳት።

እምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

«በሩን ዝጊው» አለች።

በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁና ስልኩን ጭኗ ላይ አኖርኩላት። መጀመሪያ ከበሮው መጣ፣ ቀጥሎ አኮርዲዮኑና የሕዝቡ ጩኸት። እናቴ ደንግጣ አማተበች።

«ይህ ሁሉ ሰው የት ነው ያለው?»

«አሜሪካ።»

«እሱስ?»

«እሱ እዚሁ ነው። ቆይ፣ ይመጣል።»

ዘፈኑ አለቀ፤ ቤታችን በጭብጨባ ተሞላ። በጭብጨባው መሃል ወንድሜ መጣ። «እሺ፣ እዚህ ጋ ሰውየው ምን ይላል መሰለሽ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ አንድ ብርጭቆ አቀብሉኝ ይላል። ውሸቱን ነው፣ ከዘፈነው የጠጣው ይበልጣል» አለና ሳቀ። የኔም ሳቅ አብሮ ተሰማ። ያን ጊዜ እንዲያ እስቅ እንደነበር ረስቼው ኖሯል።

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «እሱ ነው» አለች። «እሱ ነው እኮ።» ፊቷ ሲፈታ አየሁ፤ ከቀበርነው ወዲህ እንዲያ ሆና አላየኋትም። ስልኩን አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ሁለተኛው ዘፈን ሲጀምር ለሙዚቃው ደንታም አልሰጣት፤ እስኪያልቅ ትጠብቅለት ጀመር። ያም አልቆ ሲጨበጨብ ወንድሜ «አሁን ደግሞ ስሚው፣ ይሄኛው በጣም ነው የሚያስቀው፤ ሰውየው...» ብሎ ጀመረና ድንገት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዝጊው፣ ዝጊው፤ እማዬ መጣች።»

በሩ ሲጢጥ ሲል ተሰማና ቅጂው ተቆረጠ።

መጨረሻው እንዲህ እንደነበር ፈጽሞ ረስቼው ነበር። ባስታውስ ኖሮ እዚያች ሳይደርስ እነጥቃት ነበር። እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ የጠቆረውን መስታወት ታየው ጀመር።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ እማዬ።»

«ሌላ የለም?»

«የለም።»

ስልኩን እንደያዘች «ያን ቀን ከየት ነበር የመጣሁት?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ከቤተ ክርስቲያን» አልኳት።

«ምን ነበረ ትንሽ ብቆይ» አለች።